«በሂሳብ አንጣላም» ከመባሉ በፊት

(መግቢያ ዜማ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጂጋ፣ በማንኩሳ፣ በሽንዲ፣ በደንበጫ፣ በየገጠር ቀበሌውም ሆናችሁ የምታዳምጡን፣ ይህ የሳምንቱ ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ ስለ ሂሳብ እንነጋገራለን። ስልካቸውን ይዘው የሰው ሱቅ፣ የሰው ሆቴል፣ የሰው ክሊኒክ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቁ ወጣቶች በየከተማችን አሉ። ፔጅ ይከፍታሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ቪዲዮ ያቀናብራሉ፣ ደንበኛ ሲጠይቅ ይመልሳሉ። ክፍያቸው ግን በምን ይታሰባል? በወር ነው? በፖስት ቁጥር ነው? በሽያጩ ልክ ነው? ወይስ ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን ከኪሱ ያወጣውን ያህል?

እናንተ ይህን ሥራ የምትሠሩ ልጆች፣ ባለፈው ወር ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በአካባቢያችን ሥራው የመጣበትን ጊዜ እናስታውስ። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ የተመረቁት በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ቡሬ ከድሮም የነቀምት መንገድ መገንጠያ፣ የነጋዴ ማደሪያ ናት። ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ መጋዘኑ ሲበዛ ባለቤቶቹ «እኔም አለሁ» ማለት ፈለጉ፤ ገንዘቡም በስልክ መላክ ጀመረ። ማስተዋወቁም ክፍያውም በአንድ ስልክ የሚያልቅበት ጊዜ ላይ ደረስን። የሂሳቡ ንግግር ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እንዴት እንደቀረ እንስማ።

(ሁለት ድምፆች፤ ከጀርባ የገበያ ድምፅ)

ነጋዴ፦ «አንተ ልጅ፣ ያንን የቴሌግራም ነገር ለእኔም ሥራልኝማ።»

ወጣት፦ «እሺ ጋሼ፣ ደስ ይለኛል። ሂሳቡን ግን እንዴት…»

ነጋዴ፦ «ኧረ ተወው! አንተ ጀምር ብቻ፤ በሂሳብ አንጣላም።»

ወጣት፦ «እሺ ጋሼ።»

(የገበያው ድምፅ ይጠፋል፤ አጭር ዝምታ)

ሁለት ወር ይሞላል። ወጣቱ በልቡ 10 ሺህ ብር አስቧል፤ ነጋዴው ደግሞ 2 ሺህ ብር አጥፎ አዘጋጅቷል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሁለቱም ይቀየማሉ።

ነጋዴው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የኩንታሉን ዋጋ፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውን ኮሚሽን አሳምሮ ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ በእነሱ ሲከራከር ይውላል። አንድ ፎቶ ተነስቶ፣ ተስተካክሎ፣ ጽሑፍ ተጽፎለት እስኪለጠፍ የሚፈጀውን ጊዜ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። መንገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ መናገሪያውም ሥራው ሳይጀመር ነው። በድጋሚ ልበለው፦ ሥራው ሳይጀመር።

ታዲያ ምን ብላችሁ ትነግሩታላችሁ? የዛሬው ዋና ሐሳቤ ይኸው ነው። የምታስከፍሉት በእጃችሁ ላለው ሥራ ይሁን። በእጃችሁ የሚያልፈውን የሰው ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡት። በእጃችሁ የሌለውን፣ ኔትወርኩን፣ ላይኩን፣ የሽያጩን መጠን፣ ከክፍያችሁ ጋር አታጣብቁት።

(አጭር ዜማ)

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቤት ልታሠሩ ግንበኛ ስትጠሩ «በቀን ነው በቁርጥ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አጥር ከሆነ በቁርጥ ይሻላል፤ ጥገና ከሆነ መጠኑ ስለማይታወቅ በቀን። የፔጅ ሥራም እንዲሁ ይለያያል። አዲስ ፔጅ ከፍቶ፣ ሎጎና ስልክ ቁጥር አስገብቶ ማስረከብ በቁርጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። የሆቴል ምረቃ ቀኑን ሙሉ መቅረጽ በቀን ይታሰብ። ፔጅ እያስተዳደሩ መቆየት ግን የወር ሥራ ነው።

ብዙ ልጆች «በፖስት ይህን ያህል» እያሉ ሲዋዋሉ እሰማለሁ። ፔጅ ለሚያስተዳድር ሰው ይህን አልመክርም። ለምን? በፖስት የሚከፈለው ሰው ገንዘብ ለማግኘት ፖስት ማብዛት አለበት፤ ረብ የሌለው ነገር ይበዛና ተከታዩ ይሰለቻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትልቁ ድካም ሳይቆጠር ይቀራል። ትልቁ ድካም የትኛው ነው? ኢንቦክስ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል መልእክት ይገባል። አሜሪካ ያለ የአካባቢው ልጅ ለእናቱ የሚሆን ነገር ፈልጎ በሌሊት ይጽፋል። አሥር ሰው ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል፤ ለአሥሩም በትሕትና መመለስ አለበት። ባለሱቁ ይህን አያየውም፤ እሱ የሚያየው የተለጠፈውን ፎቶ ነው።

ስለዚህ በወር ተዋዋሉ፤ ወሩን ግን አጥሩት። «በሳምንት ሦስት ፖስት፣ አንድ አጭር ቪዲዮ፤ ኢንቦክስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።» ከዚህ በላይ ሲጠየቅ ተጨማሪ ሂሳብ አለው። «አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ» የሚለው የድምፅ መልእክት በሳምንት አምስት ጊዜ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃችኋል።

ጳጉሜንም አትርሱ። በወር የሚከፈለው ሠራተኛ ለጳጉሜ ለብቻው ደመወዝ የለውም። የእናንተ ሥራ ግን የሚጣደፈው በእነዚያው ቀናት ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው። የጳጉሜን ሥራ በቁርጥ ለብቻው ዋጋ አውጡለት፤ ነሐሴ ሳይገባም ተነጋገሩበት።

(ዜማ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ወደ አንድ መጋዘን እንግባ። ቡሬና ወንበርማ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። አንድ ነጋዴ በርበሬውን አዲስ አበባ ላሉ ባልትና ቤቶች ማስተዋወቅ ፈለገ እንበል። ሥራው ምንድን ነው?

በርበሬን እኩለ ቀን ላይ ካነሳችሁት ፀሐዩ ቀዩን ያነጣዋል። ማለዳ፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ መጋዘኑ በራፍ ላይ፣ ከጆንያው ወደ ሰፌድ ዘርገፍ ይደረጋል። ዛላው ረጅም የሆነው ተመርጦ ወደ ፊት ይመጣል። ገዢ እርጥብ በርበሬ ይፈራል፤ ይሻግትበታል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ አንዱ ዛላ በእጅ ተሰብሮ «ቀሽ» ሲል መሰማት አለበት፤ ፍሬው ሲራገፍ መታየት አለበት። ያ ድምፅ እንዲሰማ ደግሞ ወዛደሮቹ ጭነታቸውን ለአፍታ እስኪያቆሙ ትጠብቃላችሁ። እያስነጠሳችሁ ማለት ነው። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ታቀናብራላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ።

ይህን ሁሉ በሰዓት ቁጠሩት። ፎቶና ጽሑፉ፣ ቪዲዮው፣ የኢንቦክሱ መልስ፣ የመንገዱ ጊዜ ተደምሮ በሳምንት 10 ሰዓት ወሰደ እንበል፤ በወር 40 ሰዓት።

የአንድ ሰዓታችሁ ዋጋ ስንት ነው? ቅድም ያስያዝኳችሁ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። በወር ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለቤተሰብ 15 ሺህ ብር ያስፈልጋችኋል እንበል። የምትሠሩት ሰዓት ሁሉ አይከፈልበትም፤ ደንበኛ መፈለግ አለ፣ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ አለ፣ ከባለሱቅ ጋር መነጋገር አለ። በወር የሚከፈልበት ሰዓታችሁ 100 ከሆነ፣ 15 ሺህ ለ100 ሲካፈል ሰዓቱ 150 ብር ይሆናል። የበርበሬው ሥራ 40 ሰዓት ስለሆነ 6 ሺህ ብር ማለት ነው። በዚያ ላይ የኢንተርኔት ፓኬጅና መጓጓዣ ይጨመራል።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። የጂጋው ልጅ ወጪ ከፍኖተ ሰላሙ ይለያል። አቆጣጠሩን ግን ያዙት፦ የሚያስፈልጋችሁን፣ ለሚከፈልበት ሰዓት አካፍሉ። ይህን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ለነጋዴው አሳዩት። የኩንታል ሂሳብ የሚያውቅ ሰው የሰዓት ሂሳብ አይከብደውም።

ደግሞም የበርበሬ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሸጥም። ምርቱ በሚገባበት ወቅት ሙሉ ክፍያ፣ በክረምት ደግሞ ቀለል ያለ ሥራ በቀለለ ክፍያ ብትስማሙ ሁለታችሁም ትኖራላችሁ። ክረምት ሲገባ ተጣልቶ ከመለያየት ይህ ይበልጣል።

(አጭር ዜማ)

ሁለተኛው ጉዳይ በእጃችሁ የሚያልፈው ገንዘብ ነው። ቡስት የሚደረግበት፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክ የሚከፈለው ማለቴ ነው።

ፌስቡክ የማስታወቂያ ክፍያውን በዶላር፣ በካርድ ይቆርጣል። እዚህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ካርድ ባለው ሰው በኩል ያስከፍላል። «6 ሺህ ብር፣ ቡስቱንም ጨምሮ» ብሎ የተዋዋለ ልጅ ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ውሉ ግን ያው 6 ሺህ ብር ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ከልጁ ድካም ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቡስት ገንዘብ ለብቻው፣ አስቀድሞ ይሰጣችሁ። ሲከፈል የመጣውን ማረጋገጫ ስክሪንሹት አድርጋችሁ ለባለቤቱ ላኩለት። ቡስቱን ለማስተካከል የምትደክሙበት ክፍያ ካለም «ይህ የእኔ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። በዶላሩ ዋጋ ውስጥ ደብቃችሁ አትውሰዱ፤ ነጋዴ አንድ ቀን ያጣራል፣ ያን ቀን እምነቱ ያልቃል።

ሦስተኛው ጉዳይ በእጃችን የሌለው ነው። ኔትወርክ።

ይህን ለእኛ አድማጮች ማስረዳት አያስፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የፔጅ ሥራ የያዘ ወጣት ገቢው በአንድ ጊዜ ቆመ። ቅድሚያ የተቀበለው መመለስ ነበረበት? የሠራው ግን ያልለጠፈው ቪዲዮ ይከፈልበታል? ብዙዎቹ ስለዚህ አስቀድመው ስላልተነጋገሩ መልስ አልነበራቸውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲያጋጥም ግዴታውን መወጣት ያልቻለ ሰው ኪሣራ እንዳይጠየቅ ይፈቅዳል። ዳኛ ዘንድ ሳትደርሱ ግን እናንተው ብትስማሙ ይሻላል። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ኔትወርክ ከአምስት ቀን በላይ ከጠፋ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ ቅንብሩ፣ ይከፈልበታል። የኢንቦክሱ ክፍያ ግን ለጠፋው ጊዜ ይቀነሳል። ነጋዴው ላልተሠራ አይከፍልም፤ ልጁም የሠራውን አያጣም። ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ላይክና ሽያጭም ከዚሁ ይመደባሉ። «ከሽያጩ ፐርሰንት እሰጥሃለሁ» የሚል ባለሱቅ ያጋጥማችኋል። የሽያጭ መዝገቡን ታዩታላችሁ? ካላያችሁት ፐርሰንቱ የስንት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? መነሻ ወርሃዊ ክፍያ ይኑር፤ ፐርሰንቱ በላዩ ላይ ቢመጣ እሰየው።

(ዜማ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ስለ ቀብድ። ቀብድ ለማንም ባዕድ ነገር አይደለም፤ በሬ ሲገዛም፣ ቤት ሲከራይም ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያውቀዋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ለእናንተ ነው፤ ቀብድ በልታችሁ ስልክ አታጥፉ። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከጠቅላላው ሂሳብ ይታሰባል።

ከወሩ ክፍያ ግማሹን በቀብድ ጠይቁ። ጠበቃ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ የቴሌግራም መልእክታችሁን አታጥፉት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ ቀስ ብዬ ላንብበው፣ እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ።

(ሌላ ድምፅ፤ በዝግታ)

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ከጥቅምት 1 ጀምሮ ፔጅዎን እሠራለሁ። በሳምንት ሦስት ፖስትና አንድ ቪዲዮ፤ ኢንቦክስ ጠዋትና ማታ እመልሳለሁ። ክፍያው በወር 6 ሺህ ብር ነው፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ወሩ በገባ በ30። የቡስት ገንዘብ ለብቻው ነው። ኔትወርክ ከአምስት ቀን በላይ ከጠፋ የኢንቦክሱ ክፍያ ይቀነሳል። ከተስማሙ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይጻፉልኝ።»

(አጭር ዝምታ)

ይኸው ነው። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳታዩ አትጀምሩ። ጋሼ መጻፍ የማይመቻቸው ከሆኑ በድምፅ መልእክት ይላኩላችሁ።

ወሩ በገባ በ25 የክፍያ መጠየቂያ ላኩ። ምን ምን ተሠራ፣ ምን ተጨመረ፣ ቀብዱ ስንት ነበር፣ ቀሪው ስንት ነው፣ በየትኛው ቁጥር ይግባ። ገንዘቡ በቴሌብር ሲገባ ከ127 የሚመጣውን መልእክት አስቀምጡ። ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ተደውሎ መክፈል ስለሚቻል «ኔትወርክ የለም» ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም።

ካልተከፈላችሁስ? በሦስተኛው ቀን በትሕትና አስታውሱ። በአሥረኛው ቀን ሥራውን ማቆማችሁን አሳውቁና አቁሙ። ፔጁን ቆልፎ መያዝ፣ የይለፍ ቃል ቀይሮ መደበቅ ግን የተሳሳተ መንገድ ነው። ፔጁ የነጋዴው ነው። ከመጀመሪያው ቀን የባለቤቱ ስልክ አድሚን ይሁን፣ እናንተ በእሱ ሥር ሥሩ።

ግብርን በአጭሩ ልንካው። ሆቴልና ድርጅት ለወጪው ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ትልልቅ ደንበኛ አይመጣም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ ድርጅቶች ከአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ቀድመው ያስቀሩ ነበር፤ መለያ ቁጥር ከሌለው ሰው ላይ ግን 30 በመቶ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የዛሬውን ቁጥር ከወረዳችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሚያስቀሩባችሁን ሳታውቁ ዋጋ አትጥሩ።

ዘመድስ? የአጎት ሱቅ፣ የአክስት ምግብ ቤት? መርዳት ከፈለጋችሁ ርዱ፤ ነገር ግን መጠየቂያው ላይ ሙሉ ዋጋውን ጻፉና «ለእርስዎ የተቀነሰ» በሉ። አክስት ሥራው ስንት እንደሚያወጣ ይወቁ፤ ለጎረቤት ሲያወሩም «በነፃ ነው የሚሠራው» አይሉም።

(ዜማ በዝቅታ ይጀምራል)

የመጨረሻ ቃሌ ለባለሱቆች፣ ለባለሆቴሎችና ለነጋዴዎች ነው። አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ «ሂሳቡን አስቀድመን እንነጋገር» ሲላችሁ ድፍረት አድርጋችሁ አትዩት፤ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ወንበር ስቡለት፣ የሰዓት ሂሳቡን ተመልከቱ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያ ተስማሙ። የጫኝና አውራጁን ሂሳብ በዕለቱ እንደምትዘጉት ሁሉ የእሱንም በቀኑ ዝጉለት።

ጥያቄና ገጠመኛችሁን እንደወትሮው በፕሮግራሙ ስልክ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከእነሱ እንጀምራለን።

(መዝጊያ ዜማ)